በሬዲዮ የምትነዳ ትንሽ መኪና ለክበብ እሽቅድምድም እንዴት እንደምትሰናዳ

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ያደገ ሰው የሽቦ መኪናን ያውቃል። ልጆች ሽቦ ጠምዝዘው አካሏን ይሠራሉ፤ ከአረጀ ነጠላ ጫማ ወይም ከቆርኪ ጎማ ያበጁላታል፤ ከፊተኛው ጎማ ላይ ረዥም ዘንግ አውጥተው መሪ ያደርጉላታል፤ ከኋላዋም እየሮጡ ይነዷታል። ጎማዋ የጠመመ እንደ ሆነ ወደ አንድ ወገን ትስባለች፤ ሠሪውም ቁጭ ብሎ ሽቦውን ያቃናና እንደ ገና ይሞክራታል። ይህን ልጆች በዓይናቸው እየገመቱ የሚሠሩትን ሥራ፣ በሌላው ዓለም በሬዲዮ በሚነዱ ትናንሽ መኪኖች የሚወዳደሩ ሰዎች በመለኪያና በመዝገብ ይሠሩታል። እኛም በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ የሥራውን ሥርዐትና ምክንያቱን ለማስረዳት እንሞክራለን። አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ መኪናን ለእሽቅድምድም ማሰናዳት ማለት ፍጥነት መጨመር ሳይሆን ታዛዥ ማድረግ ነው።

ስለ መኪናይቱና ስለ ውድድሩ

መቀመጫው በጃፓን አገር በሺዙኦካ ከተማ የሆነው የታሚያ ኩባንያ የመጀመሪያይቱን በሬዲዮ የምትነዳ መኪናውን፣ ማለት ፖርሽ 934ን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ተሠርተዋል። ከእነርሱ አንዲቱ ቱሪንግ የምትባለው ናት። ይህች መኪና የእውነተኛ መኪና መልክ ያላት፣ መጠኗ ከእውነተኛይቱ አንድ ዐሥረኛ የሆነች፣ በኤሌክትሪክ ሞተር አራቱም ጎማዎቿ የሚዞሩ ናት። ወርዷ 19 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ክብደቷም ከ1 ኪሎ ተኩል ያንሳል። ነጂው ከሜዳው ዳር ቆሞ በእጁ በያዘው ማስተላለፊያ ያዛታል። ቀድሞ ሁለት ነጂዎች በአንድ የሬዲዮ ሞገድ የተገናኙ እንደ ሆነ መኪኖቹ የማን ትእዛዝ እንደሚሰሙ አይታወቅም ነበር። አሁን ግን በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት መሣሪያዎች እያንዳንዷን መኪና ከራሷ ማስተላለፊያ ጋራ ስለሚያጣምሩ ይህ ችግር ቀርቷል።

በክበብ ውድድር አንዱ ሩጫ ብዙውን ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። ብዙ ክበቦች የገንዘብ ብዛት ውድድሩን እንዳይወስነው ሲሉ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሞተርና በአንድ ዓይነት ጎማ እንዲወዳደር ደንብ ያወጣሉ። እንግዲህ ሞተሩና ጎማው አንድ ከሆነ የሚለያዩት በማሰናዳትና በመንዳት ነው።

ታዛዥነት ከፍጥነት የሚበልጥበትን ምክንያት በቁጥር እንመልከት። አንዱ ነጂ ሳያወላውል እያንዳንዱን ዙር በ20 ሴኮንድ ቢዞር 15 ዙር በ300 ሴኮንድ፣ ማለት ልክ በ5 ደቂቃ ይፈጽማል። ሌላው በ19.5 ሴኮንድ የምትዞር መኪና ኖራው 2 ጊዜ ተሽከርክራ ብትቆምበትና በእያንዳንዱ 5 ሴኮንድ ቢያጠፋ፣ 15ቱን ዙር የሚፈጽመው በ302.5 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ ፈጣኒቱ መኪና በታዛዥይቱ ተሸነፈች ማለት ነው።

ስለ ጎማና ስለ መሬት

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ጎማ ነው፤ ሌላው ማስተካከያ ሁሉ የሚሠራው ጎማው መሬቱን በያዘው መጠን ነውና። ለስላሳ ጎማ በቀዝቃዛ አስፋልት ላይ ደኅና ይይዛል፤ በጋለ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ይሟሟል፤ ያልቃልም። ጠንካራው ጎማ የዚህ ተቃራኒ ነው። መርሳ ከወልድያ ዝቅ ያለችና የሞቀች ስለ ሆነች፣ በወልድያ ጧት ደኅና የሠራ ጎማ በመርሳ ቀትር ላይ ሊከዳ ይችላል።

በአውሮፓ በክረምት ወራት ብዙ ክበቦች በአዳራሽ ውስጥ በምንጣፍ ላይ ይወዳደራሉ፤ አሸናፊዎቹም የመኪናቸውን ልክ በሠንጠረዥ ጽፈው ያሳትማሉ። ይህን ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጦ አቧራ በለበሰ ሻካራ አስፋልት ላይ መሞከር ለደጋ የታሰበ ዘር ወስዶ በቆላ እንደ መዝራት ነው። ለስላሳ በሆነ ሜዳ ላይ የመኪናይቱ ሆድ ከመሬት 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ቢል ይበቃል፤ በሻካራው ላይ ግን እንዳይፋተግ 6 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባዋል። ሠንጠረዡ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ስለ ሚዛን

ከሀብሩ ገጠር ወደ መርሳ ገበያ ማሽላ በአህያ የሚያመጣ ገበሬ የግራውንና የቀኙን ጭነት ሳያስተካክል መንገድ አይጀምርም። ጭነቱ ያዘመመ እንደ ሆነ የአህያው ጀርባ ይቆስላል፤ ጭነቱም ይወድቃል። በትንሿ መኪናም እንዲሁ ነው። ባትሪው በአንድ ወገን፣ ሞተሩና የኤሌክትሪክ ዕቃው በሌላው ወገን ስለሚቀመጡ ክብደታቸው መመዛዘን አለበት። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ መኪናይቱን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጦ ከፊት በመካከሏ ላይ በቢላዋ ጫፍ ቀስ አድርጎ ማንሣት ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ጊዜ ከተነሡ ደኅና ነው፤ አንዱ ቀድሞ ከተነሣ ግን ሻንሲው ተጣሟል ወይም ክብደቱ አዘንብሏል። ከኋላም እንዲሁ ይደረጋል። ይህ ሳይስተካከል ሌላውን መነካካት ድካም ብቻ ነው፤ መኪናይቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምትታጠፍበት ጠባይ አንድ አይሆንምና።

ስለ ሞላና ስለ ዘይት

ከወልድያ ተነሥቶ ሲሪንቃን፣ መርሳንና ውርጌሳን አልፎ ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ባዶውን ሲሆን ይዘላል፤ ሲጫን ግን ይረጋል። ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ ስለ ሆነ ባዶው መኪና አያጎብጠውም፤ ስለዚህም ጎማው በየጉድጓዱ መሬቱን ይለቃል። ለትንሿ መኪና ከዚህ የምንማረው፣ ጠንካራ ሞላ ለለስላሳ ሜዳ፣ ለስላሳ ሞላ ደግሞ ለሻካራ ሜዳ የሚስማማ መሆኑን ነው። በሞላው ውስጥ ያለው አሞርዛተር የሲሊኮን ዘይት አለበት። ወፍራም ዘይት የሞላውን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ ቀጭኑ ያፋጥነዋል። ሙቀት ዘይትን ስለሚያቀጥን በጋለ ቀን ወፈር ያለው ይመረጣል።

የመኪናይቱ ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ መሪዋ ተጠምዝዞ ሳለ አፍንጫዋ ወደ ውጭ መግፋት ነው፤ ለዚህ የፊቱን ሞላ ማለስለስ ወይም የኋላውን ማጠንከር ይረዳል። ሁለተኛው፣ ኋላዋ ከፊቷ ቀድሞ መዞር ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ የፊተኛው ተቃራኒ ነው። ለጀማሪ ነጂ ጥቂት የምትገፋው መኪና ከምትሽከረከረው ትሻላለች።

ስለ ጎማ አቋም

መኪና ስትታጠፍ ወደ ውጭ ስለምታዘነብል የጎማው ራስ አስቀድሞ ወደ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ይጋደማል። ይህም በመታጠፊያው ላይ ጎማው በሙሉ ገጹ መሬቱን እንዲይዝ ያደርገዋል። የኋላ ጎማዎች አፍንጫ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ ይህም መኪናይቱ ሞተሩ ኃይል ሲሰጣት ቀጥ ብላ እንድትሄድ ይረዳታል። የፊቶቹ ቀጥ ይላሉ፤ ወይም ጥቂት ወደ ውጭ ያያሉ። የማርሹና የጎማው ኩሽኔታዎች በነጻ መዞራቸውም በዚሁ ጊዜ ይመረመራል።

ስለ ማርሽና ስለ ባትሪ

ከመርሳ ወደ ወልድያ ሽቅብ የሚወጣ የጭነት መኪና ማርሽ የሚቀንስበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው የትንሿን መኪና ማርሽም ያውቃል። የትልቁ ማርሽ ጥርስ ለፒኞኑ ጥርስ ተካፍሎ በውስጠኛው ማርሽ ቁጥር ይባዛል። ትልቁ 96፣ ፒኞኑ 36፣ የውስጡ 2 ቢሆን፣ ሞተሩ 5.33 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ ይዞራል። ፒኞኑ ወደ 34 ዝቅ ቢል ቁጥሩ 5.65 ይሆናል፤ መኪናይቱ ከመታጠፊያ ስትወጣ ትፈጥናለች፤ በረዥሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን ፍጥነቷ ይወሰናል። ፒኞኑ ከልክ በላይ ከተለቀ ሞተሩ ይግላል። የወልድያ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከ5 አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየርም ሞተርን ደኅና አድርጎ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ በትንሽ ፒኞን ጀምሮ፣ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ የሞተሩን ሙቀት እየለኩ ቀስ በቀስ ማሳደግ ይገባል።

ባትሪው የሊቲየም ነው፤ ሁለት ክፍል ያለው ሲሆን ኃይሉ 7.4 ቮልት ነው፤ ሲሞላ ከ8.4 ቮልት ማለፍ የለበትም። ያበጠ ወይም የተወጋ ባትሪ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል መሙላት ክልክል ነው። ደኅናውም ቢሆን ለዚሁ በተሠራ ባትሪ መሙያ፣ እሳት በማይዘው ዕቃ ውስጥ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሊሞላ ይገባዋል። ሌሊት እየሞላ ትቶት መተኛት ቤት ያስፈጃል።

ስለ መዝገብ

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ሁሉ በአንድ ሥርዐት ካልተያዘ ከንቱ ነው፤ ሥርዐቱም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሞላውንም ዘይቱንም ጎማውንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው መኪናይቱ ብትሻሻል የትኛው እንደ ጠቀማት፣ ብትበላሽም የትኛው እንደ ጎዳት አያውቅም። አንዱን ለውጦ 5 ደቂቃ መንዳት፣ የየዙሩን ጊዜ መጻፍ፣ የአስፋልቱን ሁኔታና ሰዓቱን ማስታወሻ ማድረግ፣ ካልተሻሻለ ወደ ቀድሞው መመለስ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ማለፍ ይገባል። የሚመዘገበውም ከሁሉ የፈጠነው አንዱ ዙር ብቻ ሳይሆን የ5ቱ ደቂቃ ድምር ነው።

ይህን ሥራ በከተሞቻችን ለመጀመር የሚያስፈልገው ሜዳ ብዙ ወጪ የለበትም። መኪና የማያልፍበትና ተጠርጎ የጸዳ የአስፋልት ግቢ፣ መታጠፊያውን የሚያሳይ አሮጌ የውኃ ጎማ፣ ጠመኔና ሰዓት ይበቃሉ። መኪናይቱ ግን ውድ ስለ ሆነች አምስት ስድስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ቢገዙና በየተራ እየነዱ ቢመዘግቡ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚገዛው ይልቅ ብዙ ይማራሉ፤ በአንዲት መኪና ላይ የስድስት ሰው ማስታወሻ ሲነጻጸር የመኪናይቱ ጥፋትና የነጂው ጥፋት ተለይቶ ይታወቃልና።