«ስታድግ ይስተካከላል» አትበሉ!
አንዲት ጓደኛዬ የ3 ዓመት ልጅ አለቻት። የልጅቷ ግራ ዓይን ሸውረር ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ «ግድ የለም፣ ስታድግ ይስተካከላል» ይላታል። እኔ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። ለምን? በድመቶቹ ምክንያት።

የምን ድመት አትሉም? ሁበልና ቪዘል የሚባሉ ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግልገል ድመቶችን አንድ ዓይን ቆቡን ሰፍተው ለ3 ወር ያህል ዘጉት። (ጭካኔ ነው፣ ልክ ናችሁ።) ስፌቱ ሲፈታ ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ነው፤ ድመቷ ግን በሱ አታይም! አንጎል ውስጥ የሱን ቦታ ክፍት የነበረው ዓይን ወርሶታላ! ያደገች ድመት ዓይን ሲዘጋ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት አልደረሰም። ሰዎቹ በ1981 ኖቤል ተሸለሙ።

የእኛም ዓይንና አንጎል ትስስራቸው የሚጠነክረው ከተወለድን በኋላ፣ በማየት ነው። ዓይን ሲሸወረር አንጎል ነገሩ ሁለት ሆኖ እንዳይታየው አንደኛውን ችላ ይለዋል። ሐኪም መነጽር ያዛል፤ ወይም ደህነኛውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ያሸፍናል፣ ሰነፉ በግድ እንዲሠራ። ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ይበልጥ ይሰምራል፤ ከዚያ በኋላ እየከበደ ይሄዳል።

ዓይኑ ቀጥ ያለ ልጅም ችግሩ ሊኖርበት ይችላል። እስቲ ሲጫወት አንድ ዓይኑን በእጃችሁ ሸፈን አድርጉት፣ ከዚያ ሌላኛውን። አንደኛው ሲሸፈን ዝም ብሎ ሌላኛው ሲሸፈን የሚነጫነጭ ከሆነ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።