126፣ 7.0 ወይስ 1.26?

በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር 126 ከደረሰና በሌላ ቀን ተደግሞም ካልወረደ፣ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም «ስኳር አለብዎት» ይላል። ለንደን ያለው ሐኪም ያንኑ ደም ቢመረምር 7.0 አንብቦ ያንኑ ይናገራል። ፓሪስ ያለው ደግሞ ወረቀቱ ላይ 1.26 ያገኛል። ሦስቱም አልተሳሳቱም። የተለያዩት ከቁጥሩ ጎን በደቃቅ ፊደል በተጻፈው አሃድ ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

እኛ የለመድነው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ዴሲሊትር የሊትር አንድ አስረኛ፣ ማለትም መቶ ሚሊሊትር ነው። 90 ሲባል በዚያ መቶ ሚሊሊትር ውስጥ 90 ሚሊግራም ግሉኮስ አለ ማለት ነው። አዋቂ ሰው አምስት ሊትር ያህል ደም ስላለው፣ ጤነኛ ሰው በደሙ ይዞት የሚዞረው ስኳር ቢጠራቀም አራት ግራም ተኩል ገደማ ነው፤ ሻይ ላይ የምንጨምራት አንድ ትንሽ ማንኪያ። ይህ እጥፍ ሆኖ ወደ 180 ሲጠጋ ኩላሊት ትርፉን ወደ ሽንት መልቀቅ ይጀምራል።

ፈረንሳዮችም የሚጽፉት ክብደት ነው፤ ግን በግራምና በሊትር። ስለዚህ ከእነሱ ጋር ለመግባባት ነጥቧን ሁለት ቤት ማዛወር ይበቃል። ሂሞግሎቢንም እንዲሁ ቀላል ነው፤ አንዱ ላቦራቶሪ 13 ግራም በዴሲሊትር ያለውን ሌላው 130 ግራም በሊትር ይለዋል።

እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ስዊድንና አውስትራሊያ ግን መመዘኑን ትተው መቁጠር ያዙ። ሚሊሞል በሊትር የሚባለው አሃድ የሚጠይቀው «ስኳሩ ስንት ይመዝናል?» ብሎ ሳይሆን «ስንት ሞለኪውል አለ?» ብሎ ነው። አንድ ሞል ግሉኮስ 180 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሚሊሞል 180 ሚሊግራም ማለት ነው። በሊትር ውስጥ ያለው 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሰላ 18 ይሆናል። 7 በ18 ሲባዛ 126 የሚመጣው ለዚህ ነው። ካልኩሌተር ለሌለው ሰው አቋራጭ አለ፦ በ20 ያባዙና አንድ አስረኛውን ይቀንሱ። 7 በ20 ሲባዛ 140፤ 14 ሲቀነስ 126።

ሞል ከዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት መሠረታዊ አሃዶች አንዱ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በ1977 የዓለም ጤና ጉባኤ ሕክምናውም ይህን ሥርዓት እንዲከተል መከረ። የሰማ ሰማ፤ አሜሪካና እስራኤል በሚሊግራማቸው ጸኑ። የጀርመን ነገር ግን ያስቃል። ምሥራቁ በሶሻሊስቱ ዘመን ወደ ሚሊሞል ስለተሻገረ፣ ግንቡ ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም ላይፕሲግ በአብዛኛው በሚሊሞል፣ ሙኒክ በሚሊግራም ይለካሉ።

ቤት ውስጥ የደም ስኳር የምንለካባት ትንሽ ማሽን ራሷ ሚሊግራምም ሚሊሞልም አታውቅም። ማሽኗ ላይ በሚሰካው የመመርመሪያ ስትሪፕ ጫፍ ላይ ኢንዛይም አለ፤ የደሙ ጠብታ ሲነካው ከግሉኮሱ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ ያም ቀጭን የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሆናል። ማሽኗ የምትለካው ያንን ፍሰት ነው። ወደ ቁጥር ለውጣ ስክሪን ላይ ስታወጣው ነው አሃዱ የሚመጣው፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው አምራቹ ነው፣ ዕቃውን የሚሸጥበትን አገር እያየ።

እዚህ ላይ ነው የዘመድ ስጦታ ጣጣ የሚያመጣው። ወንድ ልጇ ከለንደን ማሽን የላከላትን እናት፣ ዋሽንግተን ያለችው ልጇ ደውላ «እማዬ፣ ዛሬ ስኳርሽ ስንት ሆነ?» ትላታለች እንበል። «አስራ አንድ።» ልጅቷ ክው ትላለች፤ እሷ በለመደችው አሃድ 11 ቢሆን ኖሮ እናቷ ስልክ የምታነሳበት አቅም አይኖራትም ነበር። ሲቀየር 198 ነው። ከፍ ብሏል፤ ግን ለሞት የሚያሰጋ አይደለም።

እንዲህ ያለው ቢያስደነግጥም ጉዳት የለውም፤ የማይመስል ቁጥር ሰውን ያስጠይቃል። እኔን የሚያስፈራኝ የሚመስለው ነው። 12.1 ላይ ያለችው ነጥብ ለደከመ ዓይን ካመለጠች 121 ትሆናለች። 121 ያነበበ ሰው «ተመስገን» ብሎ ቁርሱን ይበላል፤ እውነቱ ግን 218 ነው። ይህ በሐሳብ የተፈጠረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ቀንና ሰዓት ሲስተካከል አሃዱ ሳይታወቅ ሊቀየር እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ማሽኖች አሃዳቸው ፋብሪካ ላይ የተቆለፈ ስለሆነ፣ የለንደኗን ማሽን በቁልፍ እየነካኩ ወደ ሚሊግራም ለማምጣት መድከም ትርፉ ድካም ነው። መለያው ነጥቧ ናት፦ በማሽኗ ስክሪን ላይ ነጥብ ካለ ሚሊሞል ነው፣ ከሌለ ሚሊግራም። ማሽን የሚልክ ሰው ደግሞ ከአሃዱም በፊት ስትሪፑ እዚህ ይገኝ እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻላል፤ ስትሪፕ የሌላት ማሽን ጌጥ ናት።

18ን ይዞ ሌላውን የላቦራቶሪ ወረቀት ሁሉ መቀየር ደግሞ አይቻልም። ቁጥሯ የግሉኮስ ሞለኪውል ክብደት ልጅ ናት፤ ሌላ ንጥረ ነገር ሌላ ክብደት አለው። የኮሌስትሮል 200 ሚሊግራም 5.2 ሚሊሞል የሚሆነው በ38.7 ተካፍሎ ነው። የኩላሊቱ ክሬቲኒን ደግሞ ከሚሊሞልም ወርዶ በማይክሮሞል ይጻፋል፤ 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከ88 ማይክሮሞል በሊትር ትንሽ ይበልጣል። ሰው 1.0 ከለመደ በኋላ 88 ሲያይ ኩላሊቱ ያበቃለት ይመስለዋል።

ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የሦስት ወሩ ምርመራ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። እኛ ዘንድ በመቶኛ ይነገራል፤ ከእንግሊዝ ወይም ከስዊድን በሚመጣ ወረቀት ላይ ግን ሚሊሞል በሞል ነው። እሱን ማባዛት ብቻውን አይቀይረውም፤ ከመቶኛው ላይ መጀመሪያ 2.15 ይቀነሳል፣ ቀጥሎ በ10.93 ይባዛል። 7 በመቶ በዚህ ስሌት 53 ይሆናል። 53 ያየ ሰው በዕለት ማሽኑ ቋንቋ ሊረዳው ከፈለገ፣ ያለፉት ወራት የደም ስኳሩ አማካይ 154 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም 8.6 ሚሊሞል በሊትር አካባቢ ነበር ማለት ነው።