ኦልጋ ላዲዠንስካያ፦ የፈሳሽን አዙሪት በሒሳብ የተከታተለች ሊቅ

ከቧንቧ የሚወርድን ውሃ በጥሞና የተመለከተ ሰው ሁለት ጠባይ ይታዘባል። ቧንቧው በጥቂቱ ሲከፈት ውሃው እንደ መስተዋት ዘንግ ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ይበልጥ ሲከፈት ግን ይታወካል፣ ይሽከረከራል፣ ይረጫል። ሁለቱንም ጠባዮች በአንድነት እንደሚገልጹ የሚታመንባቸው የናቪየ-ስቶክስ ቀመሮች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተገኙ ናቸው። መሠረታቸው ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው። በፈሳሹ እያንዳንዷ ቅንጣት ላይ የሚያርፈውን ግፊትና ማርን ከውሃ የሚለየውን ውስጣዊ ሰበቃ፣ ማለትም ዝልግልግነትን፣ አስልተው እንቅስቃሴውን ይነግሩናል።

መሐንዲሱ በቀመሮቹ ይሠራል። የሒሳብ ሊቁ ጥያቄ ግን ከዚያ ይቀድማል፦ ለመሆኑ ቀመሮቹ ሁልጊዜ መፍትሔ አላቸውን? ካላቸውስ መፍትሔው አንድ ብቻ ነውን? ከአንድ መነሻ ሁለት የተለያዩ ፍሰቶች የሚገኙ ከሆነ ቀመሩ ስለ ነገው ፍሰት ሊነግረን የሚችለው እምነት የሚጣልበት ነገር አይኖርም። በዚህ ጽሑፍ የምንቃኘው ዕድሜዋን ለዚህ ጥያቄ የሰጠችውን ሩሲያዊት የሒሳብ ሊቅ ነው።

ኦልጋ አሌክሳንድሮቭና ላዲዠንስካያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1922 ኮሎግሪቭ በምትባል ትንሽ የሩሲያ ከተማ ተወለደች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያ የሒሳብ መምህሯ በዚያው ከተማ የሚያስተምረው አባቷ ነበር። በ1937 ግን የስታሊን መንግሥት የጸጥታ ኃይሎች አባቷን «የሕዝብ ጠላት» ብለው ያዙት፤ በዚያው ዓመትም ተረሸነ። ልጅቷ የ15 ዓመት ታዳጊ ነበረች። በ1939 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በከፍተኛ ውጤት ብትፈጽምም የሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ በአባቷ ምክንያት በሩን ዘጋባት። በዚያው ከተማ ወደሚገኝ የመምህራን ተቋም ገባች፤ ጦርነቱ ሲመጣም ወደ ኮሎግሪቭ ተመልሳ በአባቷ ሙያ ተማሪዎችን ሒሳብ አስተማረች። የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የተቀበላት በ1943 ነው። እዚያም ከፔትሮቭስኪና ከጌልፋንድ ትምህርት ተጠቅማ በ1947 ተመረቀች፤ ከዚያም ወደ ሌኒንግራድ ተዛወረች። ያ በሩን የዘጋባት ዩኒቨርሲቲ አሁን የምርምር ቤቷ ሆነ። ይሁን እንጂ በ1951 የተጠናቀቀው ከፍተኛ የዶክትሬት ጽሑፏ ለመከላከያ የቀረበው ስታሊን ከሞተ በኋላ በ1953 ነበር።

አሁን ወደ ሥራዋ እንለፍ። ፈረንሳዊው ዣን ለሬ በ1934 ባወጣው ታላቅ ጽሑፉ «ደካማ» የሚባሉ መፍትሔዎች ሁልጊዜ መኖራቸውን አሳይቶ ነበር። ደካማ መፍትሔ ቀመሩን በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሳይሆን በአማካይ የሚያሟላ ነው። ነጠላ መሆኑን ግን በሦስት ዳይሜንሽን ማረጋገጥ አልተቻለም። ላዲዠንስካያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ባለ ሁለት ዳይሜንሽኑን ጉዳይ፣ ግድግዳ ባለው ወሰን ውስጥ ለሚፈስ ፈሳሽም ጭምር፣ ከዳር አደረሰችው፦ መፍትሔው አለ፣ አንድ ነው፣ ለዘለቄታውም ሳይበላሽ ይኖራል። ቁልፉ ዛሬ በስሟ የሚጠራው ያለእኩልነት ግንኙነት ነው። ይህ ግንኙነት የፈሳሹን ጉልበትና የፍጥነቱን ከቦታ ቦታ መለዋወጥ ይዞ ፍጥነቱ ከልክ እንዳይወጣ ልጓም ያበጅለታል። ማረጋገጫው ከግማሽ ገጽ እምብዛም አያልፍም፤ በእኛ ግምት ካልኩለስ የተማረ ተማሪ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊከታተለው ይችላል።

ታዲያ ሦስተኛው ዳይሜንሽን ምን ችግር ያመጣል? እጆቹን ዘርግቶ የሚሽከረከር ሰው እጆቹን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ፍጥነቱ ይጨምራል። በሦስት ዳይሜንሽን የሚገኝ አዙሪትም ሲለጠጥና ሲቀጥን እንዲሁ ይፈጥናል፤ የፈጠነው አዙሪት ሌሎችን ሊለጥጥ ይችላል። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ግን አዙሪት የሚለጠጥበት አቅጣጫ የለውም። በሦስት ዳይሜንሽን ይህ መፋጠን በውሱን ጊዜ ውስጥ ወሰን የለሽ ፍጥነት ላይ ይደርስ እንደሆነ፣ ወይስ ዝልግልግነት ሁልጊዜ ይገታው እንደሆነ ማንም አላረጋገጠም። የክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 ለመልሱ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መድቧል።

ላዲዠንስካያ ግን በቀመሮቹ ላይ ራሳቸው ጥርጣሬ ነበራት። በ1966 ሞስኮ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ዝልግልግነት ከፍሰቱ የመለዋወጥ መጠን ጋር የሚያድግባቸውን የተሻሻሉ ቀመሮች አቀረበች፤ ለእነዚህም በሦስት ዳይሜንሽን መፍትሔው ነጠላ መሆኑን አረጋገጠች። አንዲት ሊቅ የተቀበለችውን ጥያቄ መልስ ስትፈልግ ቆይታ «ጥያቄው በትክክል ተጠይቋልን?» ብላ መነሳቷ ለእኛ ከድንቅ ሥራዎቿ አንዱ ሆኖ ይታየናል።

ሥራዋ በፈሳሽ ብቻ አልተወሰነም። ከኒና ኡራልትሴቫ ጋር የጻፈችው የ1964 መጽሐፍ ከሂልበርት 19ኛ ጥያቄ ጋር የተያያዙ ጥልቅ ውጤቶችን ይዟል። ታዋቂው ሉድቪግ ፋዴየቭ ተማሪዋ ነበር። ከሒሳብ ውጭም ባለቅኔዋ አና አኽማቶቫ ወዳጇ ነበረች፤ ግጥምም በስሟ አበርክታላታለች። በ1958 ለፊልድስ ሜዳልያ ከታሰቡት ጥቂት ዕጩዎች መካከል እንደነበረች የታወቀው ግን ከሞተች በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች የቆዩ ሰነዶችን ሲመረምሩ ነው። ያን ጊዜ ብትሸለም ኖሮ ዓለም የመጀመሪያዋን ሴት ተሸላሚ ለማየት እስከ 2014 ባልጠበቀ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይኗ ቢደክምም ሥራዋን አላቆመችም። ጥር 12 ቀን 2004 በሴንት ፒተርስበርግ በእንቅልፏ ላይ እንዳለች ስታርፍ፣ ከጥቂት ቀናት በፊት የነደፈችው የፈሳሽ ፍሰት ስሌትን የሚመለከት ጽሑፍ ገና አላለቀም ነበር።