ልምሻ ፈላጊዎች

ከነገሌ ቦረና አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ደጋው በሚወጣው በዚህ መንገድ ከብት ይጫናል፣ ተሳፋሪ ይመላለሳል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ማንገቻ ያላት የክትባት ሳጥን ትጓዛለች። ክዳኗ ሲከፈት ግን ክትባት የለባትም። በአይስ ፓክ ተከበው የተቀመጡት ሁለት ብልቃጦች የያዙት የአንድ ልጅ ሰገራ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ 24 ሰዓት ቆይቶ የተወሰደ። ልጁ በሳምንቱ መጀመሪያ ጥጃ ሲያባርር ነበር፤ አሁን አንድ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። ሳጥኗ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜዋን እንደያዘች በ3 ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለባት።

ይህን ሳጥን የሚያንቀሳቅሰው አሠራር የድንገተኛ ልምሻ ቅኝት ይባላል። በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከጤና ኬላዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተነስቶ፣ በወረዳና በዞን የቅኝት ባለሙያዎች አልፎ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የፖሊዮ ላቦራቶሪ የሚያበቃ የሰዎች ቅብብሎሽ ነው። ደንቡ አጭር ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ማንኛውም ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ ወይም ከለመሸ፣ መንስኤው ምንም ቢመስል፣ ሪፖርት ይደረጋል፤ ይመረመራል፤ ልምሻው በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰድለታል፤ ከ60 ቀን በኋላም ተመልሶ ይታያል።

የልጁ ሕመም እግሩ ላይ ይታይ እንጂ እግሩ ውስጥ አይደለም። ወጌሻ ቁርጭምጭሚቱን ቢያሸው፣ ዳሌውን ቢያቃናው፣ አጥንቱም መገጣጠሚያውም ደህና ነው። ፖሊዮ ከሆነ የተጎዱት በህብለ ሰረሰሩ የፊት ክፍል የሚገኙት አንቀሳቃሽ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ረጅም ክር ወደ ጡንቻ ይልካል። ክሩ ጡንቻው ዘንድ ሲደርስ ቅርንጫፍ እያወጣ፣ በትላልቆቹ የእግር ጡንቻዎች ላይ ብዙ መቶ የጡንቻ ቃጫዎችን ብቻውን ያዛል። ሕዋሱ ሲሞት በእሱ ሥር የነበሩት ቃጫዎች ሁሉ አዛዥ ያጣሉ፤ ውለው አድረውም ይከሳሉ። የሞተው ሕዋስ ደግሞ አይተካም። ኤ.ኤል.ኤስ. የሚባለው የጎልማሶች ሕመም የሚያጠቃውም ይህንኑ የሕዋስ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እሱ በወራትና በዓመታት የሚፈጽመውን ፖሊዮ በጥቂት ቀናት መጨረሱ ነው።

መንስኤው ቫይረስ መሆኑን ካርል ላንድሽታይነርና ኤርቪን ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1908 ቪየና ላይ አሳዩ። ቫይረሱ በአፍ ገብቶ አንጀት ውስጥ ይራባል፤ በሰገራ ይወጣል። ከተያዙት 200 ልጆች ልምሻ የሚደርስበት አንዱ ገደማ ብቻ ነው። የቀሩት ወይ ምንም አይሰማቸውም ወይ ትንሽ አተኩሷቸው ያልፋል፤ ቫይረሱን ግን ለሌላው ያስተላልፋሉ። ስለዚህ አንድ የለመሸ ልጅ ሲገኝ ቫይረሱ ከመቶ በላይ በሆኑ ሌሎች ልጆች አንጀት ውስጥ አልፏል ማለት ነው።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ባለሙያው ልጁን አንጋሎ እግሩን አንስቶ ይለቀዋል፤ የለመሸው እግር ምንም ሳይገታው ይወድቃል። ከጉልበቱ ሎሚ በታች በትንሿ የጎማ መዶሻ መታ ሲደረግ እግሩ አይፈናጠርም። ቆንጠጥ ሲያደርጉት ግን ልጁ ያለቅሳል፤ ስሜቱ አለ፣ እግሩን ሰብስቦ መሸሽ ነው ያቃተው። ፖሊዮ ብዙ ጊዜ ከትኩሳት ጋር መጥቶ በሦስት አራት ቀን ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ያደርስና ይቆማል፤ አንዱን እግር ከሌላው ይበልጥ ይመታል። ጊያን ባሬ የሚባለው ሕመም ግን የነርቮቹን ሽፋን የሚያጠቃ ነው፤ ሁለቱንም እግር በእኩል ይዞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው መንስኤ በገጠር ከተሞች የምናውቀው ነው፤ አተኮሰው ተብሎ መቀመጫው ላይ የተወጋ ልጅ፣ መርፌው ትልቁን የእግር ነርቭ ነክቶት በማግሥቱ እያነከሰ ይነሳል።

ታዲያ ጊያን ባሬ መሆኑ ወይም የመርፌ ጉዳት መሆኑ እየታየ ናሙናው አዲስ አበባ ድረስ ለምን ይላካል? ብዙ ሰው ድካሙን እንደ ብክነት ያየዋል። ለእኔ ግን የቅኝቱ ታላቅ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፖሊዮ ፈጽሞ በሌለበት አገር እንኳ ዕድሜያቸው ከ15 በታች ከሆኑ 100 ሺህ ልጆች ቢያንስ አንዱ በየዓመቱ በሌላ መንስኤ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ልምሻ ያገኘዋል። ይህ ቁጥር የፈላጊዎቹ መመዘኛ ሆነ። አንድ ዞን ብዙ መቶ ሺህ ልጆች እያሉት ዓመቱን ሙሉ አንድም የለመሸ ልጅ ካላስመዘገበ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ተብሎ አይደሰቱበትም፤ ፈላጊው ተኝቷል ይባላል። ለዚህ ነው ለሥጋት በተጋለጡ አካባቢዎች መለኪያው ከ100 ሺህ ልጆች 2 እና ከዚያ በላይ እንዲሆን የተደረገው። ፖሊዮ የለም የሚለው ቃል የሚታመነው ፖሊዮ ያልሆነውንም ልምሻ አንድ በአንድ ፈልጎ ያገኘ ሰው ሲናገረው ነው።

በቆላው ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ድርቅ ሲጠና ከብቱ ለሁለት ይከፈላል። የሚታለቡት ላሞች ከአረጋውያኑና ከሕፃናቱ ጋር መንደር ይቀራሉ፤ ደረቁ መንጋ ከወጣቶቹ ጋር ፎራ ወደሚባለው የሩቅ ግጦሽ ይወጣል። እረኛ ሆኖ የወጣ የአሥር ዓመት ልጅ እግሩ ቢለምሽ በአቅራቢያው ጤና ኬላ የለም። ከነገሌ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ኦዶ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ሶማሊያ የሚገናኙበት ዳር ድረስ ይዘልቃል። እዚያ የስደተኛ መጠለያዎች አሉ፤ እንስሳም ሰውም ግጦሽና ዘመድ እየፈለገ ድንበር ይሻገራል። ቫይረሱ የሚሄደው ከዚህ ሕዝብ ጋር ነው።

ስለዚህ ፈላጊው ጤና ተቋም ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ብቻ ሊሆን አይችልም። ወላጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻው፣ ወደ ባህል ሐኪሙ፣ ወደ ጸሎት ቦታ ነው። ኮር ግሩፕ ፖሊዮ ፕሮጀክት የተባለው የድርጅቶች ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአርብቶ አደርና በድንበር አካባቢዎች የመንደር በጎ ፈቃደኞችን ሲያሠለጥን የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ምርጫው የእኔ ቢሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምይዘው አባ ሄሬጋውን ነበር። በዱብሉቅና በዲሬ በኩል ባሉት፣ ቱላ በሚባሉት የውኃ ጉድጓዶች የመንጋውን የመጠጫ ተራ የሚያስጠብቀው እሱ ነው። የየትኛው ቤተሰብ ልጅ ከመንጋው ኋላ እንደቀረና ለምን እንደቀረ ከእሱ ጆሮ አያመልጥም።

ናሙናው ላቦራቶሪ ሲደርስ ሌላ ድንቅ ነገር ይጀምራል። ከፖሊዮ ቫይረስ መለያ ሕዋሳት አንዱ ኤል 20 ቢ ይባላል። የአይጥ ሕዋስ ነው። አይጥ በተፈጥሮዋ በፖሊዮ አትያዝም፤ ቫይረሱ የሚገባበት በር ሕዋሷ ላይ የለም። ሳይንቲስቶች የሰውን በር የሚሠራውን ዘረመል ወስደው በአይጡ ሕዋስ ውስጥ ተከሉት። ስለዚህ የተጣራው ናሙና ተጨምሮበት፣ በጠርሙሱ ወለል ላይ ተነጥፈው የነበሩት ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እየተኮማተሩና እየተድበለበሉ ከወለሉ መላቀቅ ከጀመሩ፣ ውስጡ ፖሊዮ ቫይረስ አለ ተብሎ ይጠረጠርና ወደሚቀጥለው ምርመራ ይሄዳል።

ከዚያ የቫይረሱ ዘረመል ፊደል በፊደል ይነበባል። የሚነበበው ክፍል 900 ገደማ ፊደላት አሉት፤ በየዓመቱ ከመቶው አንዱ፣ ማለትም 9 ያህል ፊደል፣ ይለወጣል። ስለዚህ አዲሱን ቫይረስ ቀድሞ ከሚታወቀው የቅርብ ዘመዱ ጋር አስተያይቶ ስንት ጊዜ ተሰውሮ እንደዞረ ማስላት ይቻላል። 18 ፊደል ተለያይተው ከተገኙ፣ ሁለት ዓመት ያህል ከልጅ ልጅ ሲተላለፍ ማንም አላየውም ማለት ነው። የፈላጊዎቹ ስንፍናም ትጋትም ቫይረሱ ራሱ ላይ ተጽፎ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ሰንሰለት በ2005 ዓ.ም መገባደጃ ተፈተነ። ሞቃዲሾ ላይ የታየው ቫይረስ ወደ ኬንያና ወደ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ተሻገረ። በኢትዮጵያ 10 ልጆች ለመሹ፤ በሦስቱ አገሮች በድምሩ ከ220 በላይ። የመጨረሻው ኢትዮጵያዊ ልጅ የታመመው በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም ነበር። ዘመቻው ቤት ለቤት፣ ኬላ ለኬላ፣ ውኃ ጉድጓድ ለውኃ ጉድጓድ በልጅ አፍ ሁለት ጠብታ እያደረገ ዘለቀ። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣና ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ የተረጋገጠው ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ሆኖም ሥራው አላለቀም። በቂ ልጅ ባልተከተበበት አካባቢ በአፍ የሚሰጠው ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ለረጅም ጊዜ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ጉልበቱን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። በ2011 ዓ.ም እንዲህ ያለው ቫይረስ በዚያው በዶሎ ዞን ተገኝቷል። መድኃኒቱ ክትባቱን መሸሽ አይደለም፤ ያልተዳረሰውን ልጅ ማዳረስ ነው።

ስለ ቫይረሱ ይህን ያህል ከተባለ ስለ ልጁ ደግሞ እንናገር። ሰውነት የሞተውን የነርቭ ሕዋስ መተካት ባይችልም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ቦረና ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት ጊደር እያዋጣ እንደሚያቋቁመው ሁሉ፣ በሕይወት የተረፉት ጎረቤት ሕዋሳት ከክራቸው ጫፍ አዲስ ቡቃያ አውጥተው አዛዥ ያጡትን ቃጫዎች ይቀበላሉ። አንዱ ሕዋስ ከወትሮው አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ቃጫ ሊሸከም ይችላል። እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ሻራርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት የሟች ሕሙማንን ህብለ ሰረሰር መርምሮ፣ አንድ ጡንቻ ድካሙ የሚታይበት ከሕዋሳቱ ከ60 በመቶ በላይ ሲያልቁ መሆኑን ያሳየው ከዚህ ጋር ይገጥማል። በርካታ ልጆች የሚያንሰራሩት በዚህ ጥገና ነው። ከ15 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ግን የተጫነባቸው ሕዋሳት ቡቃያቸውን መጣል ይጀምራሉ፤ በልጅነቱ አገግሞ የነበረ ሰው በጎልማሳነቱ እንደገና ጉልበት ይከዳዋል።

መርፌ የነካው ነርቭ ታሪክ ሌላ ነው። ሕዋሱ አልሞተም፤ የተጎዳው ክሩ ነው፤ እሱም መልሶ ያድጋል። ፍጥነቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከልጁ መቀመጫ እስከ እግሩ ርቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ክሩ እስኪደርስ ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ቅኝቱ ግን ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያየው በ60ኛው ቀን ነው። በዚያ ቀን የመርፌ ጉዳት የደረሰበት ልጅ ክር 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢጓዝ ነው፤ የፖሊዮው ልጅ ጎረቤት ሕዋሳትም ቡቃያቸውን ገና እያወጡ ናቸው። ለቫይረሱ ማስረጃ 60 ቀን ይበቃል። ለእግሩ አይበቃም። የተረከዝ ጅማቱ እንዳያጥር በየቀኑ መሳብ፣ ቁርጭምጭሚቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ፣ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር በልኩ የሚቀየር ጫማና ክራንች ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመውና መናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከል ፖሊዮ የጎዳቸውን ልጆች በዚህ መንገድ ሲያቆም ኖሯል፤ ግን መናገሻ ከፎራ ስንት ቀን ነው? የቅኝት ባለሙያው የልጁን ሰገራ ይዞ 600 ኪሎ ሜትር የሚያሻግር መኪና ካገኘ፣ በ60ኛው ቀን ሲመለስ ለእናቱ የልጁን እግር እንዴት እንደምትስብ አሳይቶ፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮና የመጓጓዣ ገንዘብ ሰጥቶ መሄድ መቻል አለበት።