ከማጉላት በፊት፦ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር አመራረጥ

የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ተኳሾች በተለምዶ ቴሌስኮፕ ወይም ስኮፕ የሚሉት መሣሪያ፣ ሁለት አገልግሎቶችን በአንድ ቱቦ ውስጥ አጣምሮ የያዘ ነው፤ አንደኛው በባዶ ዓይን በቅጡ የማይለየውን ዒላማ አጉልቶና አጥርቶ ማሳየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥይቱ እየራቀ በሄደ ቁጥር ወደ ታች የሚወርድበትንና ነፋስ ወደ ጎን የሚገፋበትን ያህል ለክቶ ማካካስ ነው። አዳኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ የረጅም ርቀት ዒላማ ተኳሽ ግን ሁለተኛው ከጎደለው የቀረው ሁሉ አይጠቅመውም። በመደብር መደርደሪያ ላይ እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት መነጽሮች በሥራ ላይ ፈጽሞ የተለያዩ መሣሪያዎች የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ገዢውን የሚያሳስተውም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ልዩነት ሳይመረምር መነጽሩ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ በመጠየቅ መጀመሩ ነው።

መሣሪያው በገበያ ደረጃ መመረት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት በሲራኪዩዝ ከተማ ዊልያም ማልኮም በ1855 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የጠመንጃ ቴሌስኮፕ መሥራት መጀመሩ ይታወቃል። በ1898 ዓ.ም. በቪየና የተመሠረተው የካርል ካሌስ ድርጅት መነጽሩን በመካከለኛው አውሮፓ አዳኞች ዘንድ ካስለመዱት አንዱ ነው። ሆኖም እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሁለት ችግሮች መሣሪያውን ሲፈታተኑት ቆይተዋል። የመጀመሪያው የብርሃን ብክነት ነው፤ ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ በርካታ ሌንሶች በተደረደሩበት ቱቦ ውስጥ ከገባው ብርሃን ዓይን ዘንድ ሳይደርስ የሚቀረው ብዙ ነበር። በ1935 ዓ.ም. በዛይስ ድርጅት ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ነጸብራቅን የሚቀንስ ስስ ልባስ የሚቀባበትን ዘዴ በማግኘቱ ይህ ችግር መቃለል ጀመረ። ሁለተኛው ችግር እርጥበት ነበር፤ ቱቦው ውስጥ በቀረው አየር ያለው እንፋሎት በብርድ ጊዜ ወደ ጤዛ እየተለወጠ ሌንሱን ያደበዝዘዋልና። የአሜሪካው ሉፖልድ ድርጅት በ1940ዎቹ መጨረሻ አየሩን አስወጥቶ ቱቦውን በናይትሮጅን በመሙላት መፍትሔ አበጀለት፤ ዛሬ ደህና የሚባል መነጽር ሁሉ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ተሞልቶ የታሸገ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ለምርጫው ትልቅ እገዛ አለው። ከፊት ያለው ትልቁ ሌንስ፣ ዕይታ ሰብሳቢው፣ የዒላማውን ምስል ገልብጦ ወደ ቱቦው ውስጥ ያሳልፋል፤ በመካከል ባለች ጠባብ የውስጥ ቱቦ ያሉ ሌንሶች ምስሉን መልሰው ያቀናሉ፤ ከኋላ ያለው የዓይን ሌንስ ደግሞ ለተኳሹ አጉልቶ ያቀርብለታል። ተኳሹ ዒላማው ላይ የሚያሳርፈው የማነጣጠሪያ መስቀል ከውስጠኛዋ ቱቦ ፊት ወይም ኋላ ይቀመጣል። ከመነጽሩ አናትና ጎን ያሉት ማዞሪያዎች፣ ቱሬት የሚባሉት፣ ሲዞሩ ይህችን የውስጥ ቱቦ በብሎን ይገፏታል፤ ከወዲያ በኩል ያለ ስፕሪንግ ደግሞ መልሶ ይገፋታል። ርካሽና ውድ መነጽር የሚለያዩበት ዋነኛው ስፍራ ከሌንሱ ይልቅ ይህ ብሎንና ስፕሪንግ የሚገናኙበት ቦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመታው ኃይል ያችን ቱቦ ያናውጣታልና፣ ወደ ነበረችበት በትክክል የማትመለስ ከሆነ የምስሉ ጥራት ምንም ያህል ቢያምር ጥይቱ በታለመለት ቦታ አያርፍም።

በመነጽሩ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 3–9×40፣ የማጉላት መጠኑ ከ3 እስከ 9 እጥፍ እንደሚለዋወጥና የፊቱ ሌንስ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታሉ። ከእነዚህ ቁጥሮች የሚገኘውና ብዙዎች የማያሰሉት ሌላ ቁጥር አለ፤ የሌንሱ ስፋት ለማጉላት መጠኑ ሲካፈል ከኋላ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 40 ለ9 ሲካፈል 4.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ 6 እጥፍ ዝቅ ሲደረግ 6.7 ይደርሳል። የሰው የዓይን ብሌን በቀን ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚከፈት ሲሆን፣ በጨለማ ጊዜ በወጣትነት እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ብዙ ጊዜ ከ5 አያልፍም። እንግዲህ ጎሕ ሲቀድ ወይም ዓይን ያዝ ሲያደርግ የሚያድን ሰው ማጉያውን ከፍ ባደረገ ቁጥር የብርሃኑ ክብ ይጠብበታል፣ ምስሉም ይጨልምበታል፤ ዝቅ ሲያደርገው ግን ይበራለታል። በጀርመንና በኦስትሪያ የዱር አሳማ በጨረቃ ብርሃን ከማማ ላይ የሚያድኑ ሰዎች 8×56 የሆነውን ከባድ መነጽር የወደዱት በትክክል 7 ሚሊ ሜትር የብርሃን ክብ ስለሚሰጣቸው ነው። ድንግዝግዝታው አጭር በሆነበት፣ አደኑም በቀን በሚከናወንበት የምድር ወገብ አካባቢ ግን ያንን ክብደት ተሸክሞ ተራራ መውጣት የሚያስገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በዋናነት በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚገኘው የደጋ አጋዘን፣ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች ውስጥ በኮታና በፈቃድ፣ ከፍተኛ ክፍያ እየተከፈለበት የሚታደን እንስሳ ሲሆን፣ የሚኖረውም በአብዛኛው ከ3000 ሜትር በላይ ባለው የአስታ ቁጥቋጦና ደን ውስጥ ነው። በዚያ መልክዓ ምድር አዳኙ እንስሳውን በሸለቆ ማዶ የሚያየው ጊዜ አለ፤ በቁጥቋጦ መካከል በቅርብ ድንገት የሚገጥመው ጊዜም አለ። ዝቅተኛው ማጉያ 2 ወይም 3 እጥፍ ካልሆነ በስተቀር በሁለተኛው አጋጣሚ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው ቅጠልና ቆዳ ብቻ ይሆናል፤ ማጉላት ሲጨምር የእይታው ስፋት ይጠብባልና። ለመጀመሪያው አጋጣሚ ደግሞ 8 ወይም 10 እጥፍ ከበቂ በላይ ነው። በ.30-06 ዓይነት የተለመደ የአደን ጠመንጃ በ200 ሜትር ዜሮ ቢደረግ፣ ማለትም ጥይቱና የመስቀሉ ማዕከል በዚያ ርቀት እንዲገናኙ ቢስተካከል፣ እስከ 200 ሜትር ባለው ርቀት ሁሉ ጥይቱ ከመስቀሉ በላይ የሚወጣው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ300 ሜትር የሚወርደው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለትልቅ አጋዘን ይህ ትንሽ ከፍ አድርጎ በማነጣጠር ይሸፈናል፣ ማዞሪያ መንካትም አያሻም። ስለዚህ ለአዳኝ የሚመረጠው ክዳን ያለው፣ በጫካ ሲጎተት በስሕተት የማይዞር ማዞሪያ ነው።

ተራራው ግን ሌላ ስሌት ይጨምራል። ተኩሱ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ከሆነ፣ የ300 ሜትር ርቀት ለጥይቱ መውረድ የሚቆጠረው እንደ 260 ሜትር ነው፤ የመሬት ስበት የሚሠራው በአግድሙ ርቀት ልክ ስለሆነ ነው። ከዚህም በላይ በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ጥይቱን የሚገታው ኃይል ይቀንሳል፣ አወራረዱም ያንሳል። በአጭር ርቀት ይህ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በረጅሙ ግን ዒላማን ያስታል።

ወደ ረጅም ርቀት ተኩስ ሲኬድ ጥያቄው ይለወጣል። የ.308 ዊንቸስተር የውድድር ጥይት በ100 ሜትር ዜሮ ተደርጎ ወደ 900 ሜትር ቢተኮስ፣ ሳይካካስ ቢቀር ከታለመለት በታች 10 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ይህን ያህል ርቀት በግምት ከፍ አድርጎ ማነጣጠር አይቻልምና፣ ተኳሹ መስቀሉን ራሱን በልኬት ማንቀሳቀስ አለበት። ልኬቱ በርዝመት ሳይሆን በማዕዘን ነው፤ አንዱ ሥርዓት ሚሊራዲያን ወይም በአጭሩ ሚል ሲባል በ100 ሜትር ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር፣ በ1000 ሜትር 1 ሜትር ይሸፍናል፤ ሌላው የማዕዘን ደቂቃ ወይም ኤምኦኤ ሲሆን የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ነው፣ በ100 ሜትርም 2.9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ማዞሪያው አንድ ጠቅ ባለ ቁጥር መስቀሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው 0.1 ሚል ወይም ሩብ ደቂቃ ነው። በሜትር ለሚያስብ ሰው ሚል ይቀላል፤ ዋናው ነገር ግን ማዞሪያውና የመስቀሉ ምልክቶች በአንድ ዓይነት ልኬት የተሠሩ መሆናቸው ነው። መስቀሉ በሚል፣ ማዞሪያው በደቂቃ የሆነ መነጽር፣ የተኩስ ሰዓት እየሮጠ ተኳሹን በ3.44 እንዲያባዛ ያስገድደዋል፤ እንዲህ ያለውን መነጽር በርካሽ ቢያገኙትም መተው ይሻላል።

ከላይ የተጠቀሰው 10 ሜትር በሚል ሲሰላ 11 ያህል ነው። የአንድ መነጽር ጠቅላላ የማስተካከያ ክልል 20 ሚል ቢሆን፣ ከመካከል ወደ ላይ የሚቀረው 10 ብቻ ስለሆነ ለዚህ ርቀት አይበቃም። የረጅም ርቀት መነጽሮች ቱቦ ከተለመደው 25.4 ሚሊ ሜትር ወደ 30 እና 34 የሰፋበት አንዱ ምክንያት ለውስጠኛዋ ቱቦ መንቀሳቀሻ ቦታ ለመስጠት ነው፤ ሰፊ ቱቦ ብርሃን ይጨምራል የሚለው በሰፊው የሚነገር አስተያየት ግን መሠረት የለውም፤ ብርሃኑን የሚወስኑት የፊት ሌንሱ፣ የማጉላት መጠኑና የልባሱ ጥራት ናቸው። ብዙዎችም መነጽሩን በ20 የማዕዘን ደቂቃ ወደ ፊት ባዘቀዘቀ መቀመጫ ላይ በማሰር ወደ 6 ሚል የሚጠጋ ተጨማሪ ከፍታ ያገኛሉ።

መስቀሉ የሚቀመጥበት ስፍራ ሌላው መለያ ነው። ከውስጠኛዋ ቱቦ ፊት ከሆነ፣ ይህም የመጀመሪያው የትኩረት ገጽ ይባላል፣ መስቀሉ ከምስሉ ጋር አብሮ ይጎላል፣ አብሮም ያንሳል፤ በመሆኑም በመስቀሉ ላይ ያሉት የሚል ምልክቶች በየትኛውም ማጉያ እውነተኛ ናቸው። ከኋላ ከሆነ፣ ማለትም በሁለተኛው የትኩረት ገጽ ላይ፣ መስቀሉ ሁልጊዜ በአንድ ውፍረት ይታያል፤ ምልክቶቹ ግን ትክክል የሚሆኑት በአንድ የተወሰነ ማጉያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው ላይ ብቻ ነው። ርቀቱ እየተለዋወጠ በፍጥነት መተኮስ ለሚያስፈልገው ውድድር የመጀመሪያው ይበልጣል። በታወቀ ርቀት ላይ ሆኖ ወረቀት ለሚተኩስ ሁለተኛው ይመረጣል፤ ለምሳሌ ኤፍ-ክላስ በተባለው ውድድር በ1000 ያርድ፣ ማለትም በ914 ሜትር፣ የዒላማው የውስጠኛ ክብ 12.7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ወፍራም መስቀል ራሱን ክቡን ይሸፍነዋል። ለአዳኝም ሁለተኛው ይስማማዋል፤ በዝቅተኛ ማጉያ የመጀመሪያው ገጽ መስቀል እንደ ፀጉር ቀጥኖ በጥላ ውስጥ ይጠፋልና።

ፓራላክስ የሚባለው ስሕተት የሚከሰተው የዒላማው ምስልና መስቀሉ በአንድ ገጽ ላይ ሳያርፉ ሲቀሩ ነው፤ ተኳሹ ጭንቅላቱን ትንሽ ሲያንቀሳቅስ መስቀሉ በዒላማው ላይ የሚዋልል ይመስላል፣ ጥይቱም በዚያው ልክ ይስታል። የአደን መነጽሮች ብዙ ጊዜ በ100 ሜትር ገደማ ላይ ተስተካክለው ስለሚወጡ በአደን ርቀት ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ለረጅም ርቀት ግን በጎን በኩል የሚዞር ማስተካከያ ግዴታ ነው። ማጉያን በተመለከተ የውድድር ተኳሾች 40 እና ከዚያ በላይ የሚያጎሉ መነጽሮችን ቢይዙም፣ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የሚነሣው የአየር ሞገድ ምስሉን ሲያንቀጠቅጠው ወደ 25 እጥፍ ወይም ከዚያ በታች ዝቅ የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው፤ ማጉያው ዒላማውን ብቻ ሳይሆን ሞገዱንና የተኳሹን የእጅ መንቀጥቀጥ ጭምር ያጎላል።

በዓይንና በመነጽሩ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው፤ እንደ .375 ባለ ኃይለኛ ጠመንጃ ላይ ግን 9 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ካልሆነ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብን ይፈነክታል፤ ሽቅብ ሲተኮስ ተኳሹ ወደ መነጽሩ ስለሚጠጋ አደጋው ይብሳል። የማሰሪያ ቀለበቶቹም በጀት ተይዞላቸው በጥራት መገዛት አለባቸው፤ ለመነጽሩ ብዙ ከፍሎ በቀለበት መቆጠብ የተለመደ ጥፋት ነው። ብሎኖቹ አምራቹ በወሰነው መጠን፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቃሉ።

ከታሰረ በኋላ መነጽሩ በወረቀት ላይ ይፈተናል። በ100 ሜትር ጥቂት ጥይቶች ይተኮሳሉ፤ የማነጣጠሪያው ነጥብ ሳይለወጥ ማዞሪያው 30 ጠቅታ ወደ ላይ፣ ከዚያም በተራ 30 ወደ ቀኝ፣ 30 ወደ ታችና 30 ወደ ግራ እየዞረ በየመሐሉ ይተኮሳል። የ0.1 ሚል ማዞሪያ ከሆነ የሚወጣው አራት ማዕዘን እያንዳንዱ ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ የመጨረሻዎቹ ጥይቶችም የመጀመሪያዎቹ ባረፉበት ያርፋሉ። ይህን ማድረግ ያልቻለ መነጽር፣ ሌንሱ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ፈተናውን ያለፈው ደግሞ በአውሮፕላን ወይም በመኪና ከተጓጓዘ በኋላ ሠፈር በተደረሰበት ቦታ፣ አደኑ በሚካሄድበት ከፍታ ላይ፣ በሁለት ወይም በሦስት ጥይት እንደገና ይረጋገጣል።