የማርች ልጅና ሰማያዊው ድንጋይ፦ ጌጥ ወይስ ጠባቂ?



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን ከአንዲት እናት የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኚህ እናት እንዲህ ይላሉ፦

«ዐረብ ሀገር የምትኖር እህቴ ለልጄ የወርቅ ሐብል ላከችላት። ሐብሉ ላይ እንደ ውኃ የጠራ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ፈርጥ አለበት። አብሮት የመጣው ወረቀት ድንጋዩ አኳማሪን እንደሚባልና በማርች ወር የተወለደ ሰው ‘የልደት ድንጋይ’ እንደሆነ ይናገራል። ያደረገውን ሰው ከባሕር አደጋ ይጠብቃል፣ ልቡን ያረጋጋል፣ ትዳሩን ያጸናል ይላል። ልጄ የተወለደችው በዚሁ ወር ነው። ባለፈው ሐብሉን አውልቄላት ሳለ ትኩሳት ያዛት። አያቷ ‘ስላወለቅሽባት ነው’ አሉኝ። እኔም ፈራሁና መልሼ አደረግኩላት። አሁን ልጣለው ወይስ ታድርገው? እህቴንስ ምን ልበላት?»

ውድ አድማጮች! በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው «ፈራሁ» የሚለው ቃል ነው። ጌጥ አያስፈራም። ጉትቻ ረስታ ከቤት የወጣች ሴት ጌጧን ትናፍቅ ይሆናል እንጂ ልጄ ትታመምብኛለች ብላ አትሰጋም። ስለዚህ ይህ ድንጋይ በዚያች ቤት ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ሆኗል ማለት ነው። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ ድንጋዩን እንወቀው፤ ቀጥሎ ወረቀቱን እንመርምር።

አኳማሪን ምንድን ነው?

ስሙ የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ «የባሕር ውኃ» ማለት ነው። የወጣለትም ከመልኩ የተነሳ ነው። አኳማሪን ቤሪል ከሚባለው የማዕድን ዘር ይመደባል። ቤሪል የሚሠራው ቤሪሊየም፣ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን ከምድር በታች ሲዋሐዱ ነው። ንጹሕ ቤሪል ቀለም የለውም። ጥቂት ብረት ሲገባበት ግን ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ አኳማሪን የሚባለውም ይኸው ነው። በብረት ፋንታ ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ሲገባበት ደግሞ ደማቅ አረንጓዴ ይሆንና ኤመራልድ፣ በዐረብኛው ዙሙሩድ ይባላል። እንግዲህ በሀገራችን በጉጂ፣ ሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው ኤመራልድና ይህ ሰማያዊ ድንጋይ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

አኳማሪን በብራዚል፣ በፓኪስታን፣ በናይጄሪያ፣ በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ በብዛት ይወጣል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ውስጥ ከብራዚል የተገኘ፣ ተቀርጾ የተወለወለ አኳማሪን አለ። ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ 10,363 ካራት፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። ሱብሐነላህ! ጥቂት ብረት በድንጋይ ውስጥ አኑሮ የባሕርን መልክ የሰጠው ጌታ ምንኛ የጠራ ነው! በዚህ መደነቅ ኢማን ይጨምራል። ችግሩ የሚመጣው አድናቆቱ ከሠሪው ወደ ተሠራው ሲዛወር ነው።

«የልደት ድንጋይ» ከየት መጣ?

በአውሮፓ ድንጋዮችን ከወራት ጋር የማያያዝ ልማድ ከድሮም ነበረ፤ ነገር ግን ከሀገር ሀገር ይለያይ ነበር። ዛሬ በየጌጣጌጥ መደብሩ የምናየው ዝርዝር መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር በካንሳስ ሲቲ ከተማ ተሰብስቦ ለየወሩ ድንጋይ መደበ። ለማርች ብለድስቶን የሚባለው ባለ ቀይ ነጠብጣብ አረንጓዴ ድንጋይና አኳማሪን ተመረጡ። በ1952 ዝርዝሩ ሲከለስ አኳማሪን ወደ መጀመሪያው ቦታ ወጣ፤ ብለድስቶን ወደ ተለዋጭነት ወረደ። በ2002 ደግሞ ለዲሴምበር ታንዛናይት ተጨመረለት። ታንዛናይት በታንዛንያ የተገኘው በ1967 ነው። በ2016 ለኦገስት ስፒኔል ታከለ።

እስቲ እናስተውል! ከ1967 በፊት በዲሴምበር የተወለዱ ሰዎች «ዕድላቸው» የተያዘው ማንም በማያውቀው ድንጋይ ነበርን? ነጋዴዎች በስብሰባ የሚጨምሩትና የሚያቀያይሩት ነገር የሰው ዕጣ ፈንታ ሊሆን አይችልም። የገበያ ዝርዝር ነው። ነጋዴ ዕቃውን ማስተዋወቁ አይገርምም፤ የሚገርመው እኛ ማስታወቂያውን እንደ እምነት መቀበላችን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ማርች የሚባለው ወር በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22 ያለው ነው። መጋቢት 22 የተወለደች ልጅ አኳማሪን ሲደርሳት፣ በማግስቱ የተወለደችው የጎረቤት ልጅ ወደ ኤፕሪል ትገባና ድርሻዋ አልማዝ ይሆናል። በሂጅራ አቆጣጠርማ ወራቱ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድሙ የልደት ቀናችን ከወቅት ወቅት ይዞራል። ታዲያ ድንጋዩ የሚሠራው በየትኛው የቀን መቁጠሪያ ነው?

ሊቃችን የፈተነው ወሬ

አኳማሪን ከባሕር አደጋ ይጠብቃል የሚለው እምነት የድሮ ግሪኮችና ሮማውያን መርከበኞች ሲነገርላቸው የኖረ ነው። ምክንያቱ ከመልኩ ያለፈ አይደለም፤ ባሕር ስለሚመስል የባሕር ጠባቂ ተባለ። እንዲህ ያለ ወሬ በሙስሊሞች ዘንድም ተሰምቷል። ልዩነቱ ቆም ብሎ የፈተነው ሰው መገኘቱ ነው።

ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ታላቁ ሊቅ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ስለ ከበሩ ድንጋዮች ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፏል። በዘመኑ «እባብ ዙሙሩድ ሲያይ ዐይኑ ይጠፋል» ይባል ነበር። ቢሩኒ ወሬውን ሰምቶ አላለፈም። የዙሙሩድ ሐብል በእባብ አንገት ላይ አደረገ፤ እባቡ በነበረበት ቅርጫት ውስጥ ዙሙሩድ አነጠፈ፤ ከፊቱም አወዛወዘበት። በሙቀትም በብርድም ወራት ለዘጠኝ ወር ያህል ሞከረ። የእባቡ ዐይን ምንም አልሆነም። የአኳማሪን ወንድም የሆነው ዙሙሩድ እባብን ማሳወር ካልቻለ፣ አኳማሪን ማዕበልን እንዴት ይመልሳል?

ዲናችን ምን ይላል?

ኢማሙ አሕመድ ከዑቅበት ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይጠብቀኛል ብሎ ነገር በአካሉ ላይ ያንጠለጠለ ሰው በአላህ ላይ ማጋራቱን አስጠንቅቀዋል። ዑለማዎች ጉዳዩን በሁለት ደረጃ ያብራሩታል። አንድ ሰው ድንጋዩ በራሱ ኃይል ይጠቅማል ይጎዳል ብሎ ካመነ ትልቁ ሺርክ ነው። ጠቃሚው አላህ ነው፣ ድንጋዩ ሰበብ ብቻ ነው ካለ ደግሞ አላህ ሰበብ ያላደረገውን ነገር ሰበብ አድርጓልና ትንሹ ሺርክ ውስጥ ይወድቃል። ለሁለቱም ቢሆን በሩ መዘጋት አለበት።

በምድር ላይ ከሐጀረል አስወድ የሚበልጥ ክብር ያለው ድንጋይ አናውቅም። ሆኖም ዑመር (ረ.ዐ) ሲስሙት ድንጋይ እንደሆነ፣ እንደማይጠቅምና እንደማይጎዳ፣ የሚስሙትም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲስሙት ስላዩ ብቻ እንደሆነ ተናግረዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በካዕባ ላይ ያለው ድንጋይ እንዲህ ከተባለ፣ ከወርቅ ቤት የተገዛው ምን ሊባል ነው?

ስለ ዐቂቅ ቀለበት በረካነት የሚነገሩ ሐዲሶች እንኳ በሐዲስ ሊቃውንት ተመርምረዋል። ኢማም አል-ዑቀይሊ በዚህ ጉዳይ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተረጋገጠ ነገር እንደሌለ ገልጸዋል።

ወገኖቼ! ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ለዛር የሚደረገውን ጨሌ በተውበት ጥለዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ጨሌው ከበር ወጥቶ በሚያምር ሣጥን፣ በታተመ ወረቀት ታሽጎ በመስኮት ቢመለስ ምን ጠቀመን? ስሙ ዘመናዊ ሆነ እንጂ ፍርሃቱ ያው ነው።

ጌጥነቱ ግን ሐላል ነው

ይህ ሲባል ግን ድንጋዩ ራሱ ነውር አለበት ማለት አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የብር ቀለበት ያደርጉ ነበር። ኢማሙ ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት የቀለበታቸው ፈርጥ «ሐበሺ» ነበር። ዑለማዎች ከሐበሻ ምድር የመጣ ድንጋይ ወይም መልኩ ጥቁር ነው ብለው ተርጉመውታል። አቡ ዳውድ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ፣ ከነጃሺ ዘንድ ጌጣጌጥ በስጦታ መጣላቸው፤ በውስጡም ባለ ሐበሺ ፈርጥ የወርቅ ቀለበት ነበረበት። እርሳቸው ፊታቸውን መለስ አድርገው በእንጨት ወይም በጣታቸው አነሱት። ከዚያም የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ጠርተው እንድታጌጥበት ሰጧት።

ይህ ሐዲስ ለዛሬው ጥያቄ ምንኛ የቀረበ ነው! ከሩቅ ሀገር የተላከ ስጦታ፣ ወርቅና ፈርጥ፣ ትንሽ ልጅ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታውን አልመለሱም፤ ለወንድ ያልተፈቀደውን ወርቅ ለሴት ልጅ ሰጡ። የሰጧትም እንድታጌጥበት ነው።

ኢማሙ ሻፊዒይም ያቁትና ዘበርጀድ የመሳሰሉትን መልበስ ለብክነትና ለኩራት ካልሆነ በቀር እንደማይጠሉት «አል-ኡም» በተባለው ኪታባቸው ገልጸዋል። ስለዚህ ወንድም ቢሆን በብር ቀለበት ላይ አኳማሪን ቢያስፈርጥ አይከለከልም። ወርቅ ግን ለእርሱ ሐራም ነው፤ የሴት የሆነውን ጌጥ ከመመሳሰልም ይራቅ።

ለመግዛት ለምታስቡ ጥቂት ምክር እንጨምር። ሰማያዊ ቶጳዝና ሰማያዊ መስታወት አኳማሪንን ስለሚመስሉ በዐይን ብቻ አትመኑ፤ በመሣሪያ የሚለይ ባለሙያ አሳዩ። ብዙው አኳማሪን አረንጓዴነቱ እንዲለቅ በሙቀት የታከመ ነው። ቀለሙ አይመለስም፤ ሻጩ ግን ይህን መናገር አለበት፤ ማታለል ከሙስሊም አይጠበቅምና። ጠንካራ ድንጋይ ቢሆንም አልማዝ ይቧጭረዋልና ለየብቻ አስቀምጡ። ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ቀለበቱ ጠባብ ከሆነ ዉዱእ ስታደርጉ አንቀሳቅሱት፤ ውኃ ከሥሩ ይድረስ። ለጌጥ የተያዘ ድንጋይ በብዙኃን ዑለማዎች ዘንድ ዘካ የለበትም፤ ለንግድ ከሆነ ግን አለበት። የተያያዘበትን ወርቅ በተመለከተ ሐነፊዮች ለዘካ የሚያበቃው መጠን ከሞላ ዘካ ያስወጡበታል፤ በሻፊዒዮች ዘንድ ሴት የምታጌጥበት የተፈቀደ ወርቅ ዘካ የለበትም።

ለእናትየዋ

እናታችን! ሐብሉን አይጣሉት፤ የአላህ ጸጋ ነው፤ የእህትዎም ገንዘብ ነው። የሚጣለው ወረቀቱ ነው። ነገር ግን ፍርሃቱ ከልብዎ እስኪወጣ ድረስ ሐብሉን አውልቀው ሣጥን ውስጥ ያኑሩት። ልጅዎ ያለ እርሱ ስትተኛ፣ ስትጫወት፣ ስትስቅ ይዩአት። ልብዎ ሲረጋጋ ለዒድ ታጊጥበት።

ትኩሳት የሕመም ምልክት ነው። ዳግመኛ ከያዛት ወደ አንገቷ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሐብል ስናደርግና ስናወልቅ የሚያልፈው ሰዓት ለታመመ ሕፃን ውድ ነው። ጥበቃ ከፈለጉ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጆቻቸውን ሐሰንና ሑሰይንን በዱዓ ለአላህ ያስጠብቋቸው እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። አየተል ኩርሲይን፣ ሱረቱል ፈለቅንና ሱረቱ ናስን ይቅሩላት። ይህ ዋጋ የማይከፈልበት፣ የማይጠፋ፣ የማይሰረቅ ነው። አያትየውንም በለዘበ ቃል ያስረዷቸው፤ የተናገሩት ልጅቷን ስለሚወዱ ነው። ለእህትዎ ደግሞ «ጀዛኪላህ ኸይር፣ ጌጡን ወደነዋል፤ ጠባቂነቱን ግን ለአላህ ትተነዋል» ይበሏት።

በመጨረሻም «ከባሕር አደጋ ይጠብቃል» የሚለውን ቃል በቀላሉ ማለፍ አልቻልንም። በየዓመቱ ስንት ወጣት ወገኖቻችን በአሮጌ ጀልባ ወደ የመን ሊሻገሩ ሲሉ በባሕር ቀርተዋል! ልጇን የምትሸኝ እናት እንዲህ ያለ ወረቀት በእጇ ቢገባ ልቧ ሊያርፍበት ይችላል። አይረፍባት! ከመጠን በላይ የተጫነ ጀልባን የሚያቆም ድንጋይ የለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን በአላህ ተመክቶ ስለ መልቀቅ ለጠየቃቸው ሰው መልሳቸው አስረህ ተመካ የሚል ነበር። ልጅን ከአደገኛ ጉዞ መምከር ማሰር ነው፤ ዱዓ መመካት ነው። ድንጋዩ በሁለቱም ውስጥ የለም።

አላህ ልቦቻችንን በተውሒድ ያጽናልን፤ ልጆቻችንን በጥበቃው ሥር ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።