ገደሉ ላይ ድንጋይ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን ነው?

በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በጋፕ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የሴዩዝ ተራራ 2 ሺህ 16 ሜትር ከፍታ አለው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ደግሞ የዱራንስ ወንዝ ተገድቦ የፈጠረው የሴር ፖንሶን ሐይቅ በተራሮች መካከል ተንጣልሏል። ተራራውን እንደ ዘውድ የከበበውን ገደል ለመውጣት ስፖርተኞች ከብዙ አገራት ይመጣሉ፤ ገደሉ ሥር ለመድረስ ብቻ የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ይጠብቃቸዋል።

ገደሉ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለሲሚንቶ ማምረቻ የሚውለው ዓይነት። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር በሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት መጠነኛ አሲድነት ስላለው ድንጋዩን በረጅም ዘመን እያሟሟ ይቦረቡረዋል። አንዳንዱ ቀዳዳ ሙሉ እጅ ያስገባል፤ አንዳንዱ ከአንድ ጣት በላይ አይቀበልም። ለግንበኛ እንከን የሆነው ቀዳዳ ለስፖርተኛው መሰላሉ ነው።

ስፖርተኛው የሚወጣው በእጁና በእግሩ ብቻ ነው። ገመዱ የሚያስፈልገው ለመሳብ ሳይሆን ሲወድቅ ለመያዝ ነው፤ አስቀድሞ በተሰረሰረው ድንጋይ ላይ በተተከሉት ብሎኖች ያያይዘዋል፣ ከታች የቆመው ባልደረባውም ይቆጣጠርለታል። አሜሪካዊው ክሪስ ሻርማ እ.አ.አ በ2001 በሴዩዝ የወጣው "ባዮግራፊ" የተባለው መስመር በወቅቱ ከዓለም እጅግ ከባዶቹ አንዱ ነበር።

ይሁንና ብሎኑ የሚይዘው ሰውን እንጂ ተራራውን አይደለም። እ.አ.አ በ2010 በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በፒሬኔ ተራሮች አካባቢ ባለችው ቫንግሮ፣ ከኖራ ድንጋይ ገደል የተላቀቀ ቋጥኝ ሁለት ሰዎችን ክፉኛ አቆሰለ። የአገሪቱ የገደል መውጣት ፌዴሬሽን ከመሬት ባለቤቶች ጋር በገባው ውል የገደሉ ጠባቂ ተደርጎ ስለተቆጠረ፣ ጥፋት ሳይገኝበት ካሣ እንዲከፈል ተፈረደ። ካሣው ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነበር፤ ውሳኔውም በ2020 በሰበር ጸና።

ፌዴሬሽኑ ከዚህ በኋላ ከባለቤቶቹ ጋር የነበሩትን ውሎች ወደ ማቋረጥ ሄደ። ኃላፊነቱም ምናልባት ብሎን መተከሉን እንኳ ልብ ወዳላሉት ባለመሬቶች ተመለሰ። አንዳንዶች ገደላቸውን መዝጋታቸው አያስገርምም፤ በግጦሽ መሬት ጥግ ላለ ድንጋይ ሚሊዮን መክፈል የሚችል ገበሬ ጥቂት ነው።

በየካቲት 2022 የወጣ ሕግ ይህን ቀየረ። ከእንቅስቃሴው ጠባይ የሚመነጭና አስቀድሞ ሊገመት የሚችል አደጋ ቢደርስ፣ የተፈጥሮ ቦታው ባለቤት ባለቤት ስለሆነ ብቻ አይጠየቅም። በራሱ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ግን እንደ ቀድሞው ይጠየቃል።